ለቤት ቀረጻ የቱ ይሻላል? ኤዲተር ወይስ ባለብዙ ትራክ ሶፍትዌር

ባለፈው ክረምት አንድ የሰፈራችን ወጣት ፍላሽ ይዞ ቤቴ መጣ። ክራር ይጫወታል፤ ድምፁም የሚያስቀና ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ሲለፋበት የከረመውን ዘፈን ላፕቶፔ ላይ ከፈተልኝ። ሰምተን ስንጨርስ፣ «ጋሼ፣ ድምፄ ከክራሩ ሥር ገብቶብኛል፤ እስቲ እሱን ብቻ ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ» አለኝ።

ፋይሉን አየሁት። አንድ ነው። ክራሩም፣ ከበሮውም፣ የእሱ ድምፅም፣ ከኋላ የምትቀበለው የእህቱ ድምፅም እዚያው አንድ ሞገድ ውስጥ ገብተዋል። «ለየብቻ የተቀረጹትስ የት አሉ?» ብዬ ስጠይቀው፣ አዲስ ነገር በቀረጸ ቁጥር ከቀደመው ጋር እያዋሃደ፣ ኮምፒውተሩ እንዳይሞላበት የመጀመሪያዎቹን ሲያጠፋ እንደቆየ ነገረኝ። አዘንኩ። በርበሬ አንዴ ከወጡ ጋር ከተንተከተከ በኋላ መጨመር ይቻላል እንጂ ማውጣት አይቻልም፤ የተቀላቀለ ድምፅም እንደዚያው ነው።

ዛሬ የተቀላቀለ ዘፈንን በሰው ሠራሽ አስተውሎት መልሰው የሚለያዩ ፕሮግራሞች መኖራቸውን አውቃለሁ። ዲዘር የተባለው የሙዚቃ ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በነፃ የለቀቀው ስፕሊተር አንዱ ነው። ሞከርኩለት። ነገር ግን እነዚህ ፕሮግራሞች የለመዱት አንድን ዘፈን የሰው ድምፅ፣ ድራም፣ ቤዝ እና «ሌላው» ብሎ መክፈልን ነው። የወንድምና የእህትን ድምፅ አንድ ላይ አወጡት፤ ክራሩን «ሌላው» ውስጥ ከተቱት፤ ከክራሩም ጥቂቱ ከድምፁ ጋር ተጣብቆ ቀረ። ወጣቱ ሰምቶ አንገቱን ነቀነቀ፤ እንደገና መቅረጽ ግድ ሆነ።

ጉድለቱ የችሎታ አልነበረም፤ የማይክም አልነበረም። ስህተቱ አሠራሩ ላይ ነው። ብዙ ሰው «የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ መልሼ የምጠይቀው «ከጨረሱ በኋላ ምኑን መቀየር ይፈልጋሉ?» ብዬ ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሶፍትዌሩን ይመርጣል።

ሁለቱን ዓይነቶች እንለያቸው። ኤዲተር የሚባለው የሚሠራው በተቀረጸው ድምፅ በራሱ ላይ ነው። ሲከፍቱት ከግራ ወደ ቀኝ የተዘረጋ ሞገድ ያያሉ፤ ድምፁ የጎላበት ወፍሮ፣ ዝምታው ቀጥኖ። ሥራው እዚያ ላይ ቆርጦ መጣል፣ ማጽዳት፣ ከፍና ዝቅ ማድረግ፣ ከዚያም አውጥቶ ማስረከብ ነው። ሳውንድ ፎርጅ እና ድሮ ብዙዎቻችን የተማርንበት ኩል ኤዲት ከዚህ ወገን ናቸው፤ ኩል ኤዲትን አዶቢ በ2003 ገዝቶ ኦዲሽን አለው። ዛሬ ግን በየቤቱ የሚገኘው ኦዳሲቲ ነው። በአሜሪካ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ በ2000 ለሕዝብ የተለቀቀ ነፃ ሶፍትዌር ነው።

ባለብዙ ትራክ የሚባለው ደግሞ እያንዳንዱን ድምፅ በየራሱ መስመር ያስቀምጣል። ክራሩ አንድ ትራክ፣ ከበሮው አንድ ትራክ፣ ድምፅዎ አንድ ትራክ። የየአንዳንዱን ከፍታ፣ ከግራና ከቀኝ የሚሰማበትን ቦታ፣ ሪቨርቡን (ማስተጋባቱን) ለየብቻ ያስተካክላሉ። ፕሮ ቱልስ፣ ኪውቤዝ፣ ሎጂክ፣ ጋራዥባንድ፣ ሪፐር ከዚህ ወገን ናቸው። ኤፍኤል ስቱዲዮም እዚሁ ይመደባል፤ እሱ ግን ልቡ ያለው ቢት መሥራት ላይ ስለሆነ በማይክ ለሚቀርጽ ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለም።

በስተጀርባ ያለው ልዩነት ግን ከመስመሮቹ ብዛት የጠለቀ ነው። ባለብዙ ትራክ ሶፍትዌር የተቀረጸውን ፋይል አይነካውም። ከጎኑ የትእዛዝ ዝርዝር ይጽፋል፦ ይህን ፋይል ከ12ኛው ሰከንድ ጀምረህ አጫውት፣ በ3 ዴሲቤል ቀንሰው፣ እዚህ ጋ ቁረጠው። የሪፐርን የፕሮጀክት ፋይል በኖትፓድ ቢከፍቱት ይህን ዝርዝር በጽሑፍ ያገኙታል። ፋይሉም ትንሽ ነው፤ ድምፁ ራሱ በሌላ ፎልደር ውስጥ እንዳለ ተቀምጧል። ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰው 3 ዴሲቤሉን 2 ማድረግ ይችላሉ። በባሕርዩ ኤዲተር የሆነው ግን «ቀንስ» ሲሉት ሞገዱን ራሱን ያሳንሰዋል። ስህተት ከሆነ ወዲያው መመለስ ይቻላል፤ ኦዳሲቲን ዘግተው ሲወጡ ግን የመመለሻው ታሪክ አብሮ ይጠፋል።

ይህ ክፍፍል ከኮምፒውተር በፊትም ነበር። የሬዲዮ ባለሙያ የቴፕ ክሩን በምላጭ ቆርጦ በማጣበቂያ ይቀጥል ነበር፤ ይህ የኤዲተር አያት ነው። በሌላ በኩል ጊታሪስቱ ሌስ ፖል በ1957 አምፔክስ የሠራለትን ባለ 8 ትራክ ማሽን ቤቱ አስገባ። ቢትልሶች በ1967 ያወጡትን «ሳርጀንት ፔፐር» የተባለ አልበማቸውን የቀረጹት በባለ 4 ትራክ ማሽኖች ነው፤ አራቱ ሲሞሉ ቀላቅለው ወደ ሌላ ማሽን አንድ ወይም ሁለት ትራክ ላይ እያሳረፉ ቦታ ይፈጥሩ ነበር። ቲያክ በ1979 ፖርታስቱዲዮን ሲያወጣ ደግሞ አራት ትራክ በተራ ካሴት ላይ ተቀርጾ ወደ ተራ ሰው ቤት ገባ። የኛ ወጣት እየቀላቀለ ያጠፋውም ያንኑ የ1967 ዘዴ ሳያውቅ ደግሞት ነው። ቢትልሶች ግን ያን ያደረጉት ሌላ መንገድ ስላልነበራቸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ድንበሩ እንደ ድሮው አልተሰመረም። ኦዳሲቲ ብዙ ትራክ መያዝ ከጀመረ ቆይቷል። በ2022 በወጣው 3.2 እትሙ ደግሞ ሞገዱን ሳይነኩ ኤፌክት መጨመር አስችሏል፤ በ2023 በወጣው 3.4 የሙዚቃ ምትና ባር መለኪያ ጨምሯል። ሪፐርም ቆርጦ መጣሉን አሳምሮ ይችላል። ስለዚህ «ይሄ ይችላል፣ ያ አይችልም» የሚለው ንጽጽር ብዙ አያስኬድም። ሶፍትዌሩ የተሠራው ለየትኛው ሥራ እንደሆነ ግን ሁለት ሰዓት ከተቀመጡበት ጣትዎ ላይ ይታወቅዎታል።

በንባብ እንጀምር። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው፣ አንድ ድምፅ ብቻውን ምን ያህል ዓለም እንደሚያቆም ያውቃል። ዛሬም መጽሐፍ የሚያነብ፣ ለልጆች ተረት የሚተርክ፣ ስብከት ወይም ፖድካስት የሚያዘጋጅ ብዙ ሰው አለ፤ አዲስ አበባም፣ ዋሽንግተንም፣ ዱባይም። ለእነዚህ ሰዎች መልሴ አንድ ነው፦ ኤዲተር ይበቃችኋል። መብቃት ብቻም አይደለም፤ ይሻላችኋል።

አንዲት የማውቃት መምህርት ተረት እየቀረጸች በቴሌግራም ለወላጆች ትልካለች። አሠራሯን አጠገቧ ተቀምጬ አይቻለሁ። የምትቀርጸው ቁም ሣጥኑን ከፍታ፣ ፊቷን ወደ ተሰቀለው ልብስ አዙራ ነው፤ ልብሱ የግድግዳውን ማስተጋባት ይውጥላታል። ፍሪጁን ከሶኬቱ ትነቅለዋለች። የቀረጻ ቁልፉን ከተጫነች በኋላ አምስት ሰከንድ ያህል ትንፋሿን ውጣ ዝም ትላለች። ያቺ ዝምታ ወርቅ ናት። ክፍሉ ብቻውን ሲሆን የሚያሰማውን ሹክሹክታ ይዛለች፤ ኦዳሲቲ በኋላ ጩኸት የሚቀንሰው ከእሷ ተምሮ ነው።

ስታነብ ስትሳሳት አታቆምም ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩን ደግማ ታነብና በኋላ የተሳሳተውን ትቆርጣለች። ሃያ ደቂቃ ለማንበብ አንድ ሰዓት ሲቆረጥ ይውላል። እኔ ያሳየኋት ነገር ከ2018 ጀምሮ ኦዳሲቲ ውስጥ ያለውን «ፐንች ኤንድ ሮል» ነው። ሲሳሳቱ ያቆማሉ፤ ስህተቱ የጀመረበት ላይ ጠቅ ያደርጋሉ፤ ሺፍትን ከዲ ፊደል ጋር ይጫናሉ። ሶፍትዌሩ የቀደመውን አምስት ሰከንድ በጆሮዎ ያሰማዎትና ልክ ጠቅ ካደረጉበት ጀምሮ በአዲስ ይቀርጻል። የድምፅዎ ቃና ከቀደመው ጋር ይገጥማል፤ አንብበው ሲጨርሱ አብዛኛው እርማት አብሮ አልቋል። ከዚህ በላይ ጊዜ የቆጠበላት ነገር እንደሌለ ነግራኛለች።

ቀጥሎ ማጽዳቱ ነው። ያችን የዝምታ ሰከንድ ይመርጣሉ፣ የጩኸት መቀነሻውን ከፍተው «ናሙናውን ውሰድ» ይሉታል፤ ከዚያ ቀረጻውን በሙሉ መርጠው ያስኬዱታል። ለአማርኛ ንባብ እኔ ከ6 እስከ 9 ዴሲቤል ባለው እወስናለሁ። ከዚያ ሲያልፍ «ሰ»ና «ሸ» ከውኃ ውስጥ እንደሚወጡ ሆነው መንቦጭረቅ ይጀምራሉ፤ የ«ጠ»ና የ«ቀ» ምት ይደነዝዛል። ትንሽ ሹክሹክታ ቢቀር ሰሚ ይለምደዋል፤ የተጎዳ ፊደልን ግን ጆሮ አይለምደውም።

ሲጨርሱ ድምፁን ለመላኪያ ያስተካክሉት። አፕል ለፖድካስት የሚመክረው መጠን በላውድነስ መለኪያ ከዜሮ በታች 16 ነው፤ ኦዳሲቲ ይህን ቁጥር ተቀብሎ ራሱ ያደርሰዋል። ሰሚው ዳታ በገንዘቡ የሚገዛ ስለሆነ፣ ለአንድ ሰው ንባብ ሞኖ ኤምፒ3 በ64 ኪሎቢት በቂ ነው፤ 20 ደቂቃው 10 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ዋናውን ዋቭ ፋይል ግን አይጣሉት። ሞኖ የሆነ ንባብ በ16 ቢት ሲቀመጥ በደቂቃ 5 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ውስጥ «ከጨረሱ በኋላ ምኑን መቀየር ይፈልጋሉ?» ብዬ ብጠይቅ፣ መምህርቷ «አንድ የተሳሳተ ቃል» ትለኛለች እንጂ ሌላ የላትም። ይህን ሥራ ሃያ መስኮት ባለው ባለብዙ ትራክ ሶፍትዌር መሥራት ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት የጭነት መኪና እንደ መከራየት ነው። ሁለትና ሦስት እንግዳ ያለበት፣ እያንዳንዱ በየራሱ ማይክ የሚናገርበት፣ ከሥሩ ሙዚቃ የሚገባበት ፖድካስት ከሆነ ግን ነገሩ ይቀየራል። አንዱ ሲስቅ የሌላውን ቃል ይሸፍናል፤ ሙዚቃው ሰው ሲናገር ዝቅ፣ ሲያበቃ ከፍ ማለት አለበት። ያኔ ወደ ሁለተኛው ወገን ይሻገሩ።

አሁን ወደ ወጣቱ ዘፈን እንመለስ። እንደገና የጀመርነው በሪፐር ነው። ሪፐርን የጀመረው ጀስቲን ፍራንክል ነው፤ ብዙዎቻችን ኤምፒ3 ስንሰማበት ያደግንበትን ዊንአምፕን የሠራው ሰው ማለት ነው። የመረጥኩት ስለሚወርደው ፋይል ትንሽነት ነው፤ ለዊንዶውስ ከ20 ሜጋባይት በታች ሆኖ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሮጣል። መልኩ ግን ለጀማሪ አይጋብዝም፤ መጀመሪያ ሲከፍቱት ግራጫና ባዶ ነው፤ የት እንደሚነካ አይታወቅም። አንድ ሳምንት ይታገሱት።

የመጀመሪያው ፈተና የገጠመን ከበሮው ላይ ነበር። የሪፐር ሜትሮኖም ካልቀየሩት በቀር ምቱን አራት አራት እየቆጠረ «ቲክ ቲክ» ይላል። የወጣቱ ዘፈን ደግሞ ጭክጭካ ነው፤ በስድስት ስምንተኛ የሚሄድ። አራት በሚቆጥር ሜትሮኖም ላይ ጭክጭካ ሲጫወት እጁ ተሳሰረ፤ ጥፋቱ የእሱ መሰለው። ፕሮጀክቱን ወደ ስድስት ስምንተኛ ለወጥነውና ፍጥነቱን በእጁ ጭብጨባ ለካን፤ እጁ ወዲያው ተፈታ። ይህን ያነሣሁት ብዙ የኛ ተጫዋቾች «ሜትሮኖም አይሆነኝም» የሚሉት በዚህ ምክንያት ስለሆነ ነው። የማይሆናቸው ሜትሮኖሙ ሳይሆን ቁጥሩ ነው። እንጉርጉሮና ረጋ ያለ ትዝታ ግን ምት የማይከተል ነጻ አካሄድ ካለው ሜትሮኖሙን ዝም ያሰኙት፤ መጀመሪያ ክራሩን እንዳሻው ይጫወተው፣ ሌላው ሁሉ እሱን ይከተል።

ሁለተኛው ፈተና መዘግየት ነው። ኮምፒውተር ድምፅን እንደመጣ አያስተላልፍም፤ በትንሽ በትንሹ እየሰፈረ ነው የሚቀበለው። መስፈሪያው 256 ናሙና ከሆነና በሰከንድ 48,000 ናሙና የሚቀርጹ ከሆነ አንዱ ስፍር 5.3 ሚሊሰከንድ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በዚያ ጊዜ የሚሄደው 1.8 ሜትር ገደማ ነውና፣ ይህን ያህሉ ከአጠገብዎ የተቀመጠ ሰው ሲጫወት እንደመስማት ነው፤ አያስቸግርም። መስፈሪያው 1,024 ሲሆን ግን 21 ሚሊሰከንድ ይደርሳል፤ መግቢያና መውጫው ሲደመር እጥፍ ይሆናል፤ ያኔ የገዛ ድምፅዎ በጆሮዎ ውስጥ እየተከተለዎት ማንጎራጎር አይሆንልዎትም። ዊንዶውስ ላይ መፍትሔው አሲዮ የሚባለው የሳውንድ ካርድ ድራይቨር ነው። ሪፐር ይቀበለዋል፤ ለብዙ ካርዶች ከአምራቹ ይገኛል። በላፕቶፑ የራሱ ካርድ ለሚሠራ ሰው አሲዮ ፎር ኦል የሚባል ነፃ ድራይቨር አለ።

በኦዳሲቲ ላይ አንዱን እየሰሙ ሌላውን መደረብ ይቻላል፤ ወጣቱም ያደረገው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ሶፍትዌሩ መዘግየቱን ከራሱ ገምቶ 130 ሚሊሰከንድ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ግምቱ ለእርስዎ ኮምፒውተር ልክ ላይሆን ይችላል። የመጀመሪያውን ዘፈን ስሰማ ከበሮው ከክራሩ ጥቂት ቀደም ቀደም ሲል የተሰማኝ በዚሁ ሳይሆን አልቀረም። በኦዳሲቲ መደረብ የግድ ከሆነ አስቀድመው ይለኩት፦ የሜትሮኖም ትራክ ይሥሩ፣ ኢርፎኑን ማይኩ ላይ ያስጠጉ፣ ይቅረጹት፤ ሁለቱን ሞገዶች አጉልተው ልዩነቱን ይዩና ቁጥሩን ያስተካክሉ። አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ አንዴ ከተሠራ መሣሪያ እስኪቀይሩ ድረስ ያገለግላል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ላይ ልቆይ። ባለብዙ ትራክ ሶፍትዌር ትራኮችን የሚለየው ድምፆቹ ወደ ማይኩ ሲገቡ ተለይተው ከሆነ ብቻ ነው። ክራር ተጫዋች እየዘፈነ ሲጫወት አፉና ክራሩ የሚራራቁት ከክንድ ባነሰ ነው። አንድ ማይክ ለአፍ፣ አንድ ማይክ ለክራር ቢያደርጉ የአፉ ማይክ ክራሩን፣ የክራሩ ማይክ አፉን ይሰማል። ስክሪኑ ላይ ሁለት ትራክ አለ፤ በእውነት ግን አንዱን ከፍ ሲያደርጉ ሌላውም አብሮ ይነሣል። መሰንቆም እንደዚያው፤ አዝማሪ ጉሮሮውና መሰንቆው አንድ ናቸው።

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው መጀመሪያ ክራሩን ብቻ መጫወት፣ ከዚያ በኢርፎን እየሰሙ መዝፈን ነው። ለወጣቱ የመረጥነው ይህን ነው፤ ከበሮና የእህቱ ድምፅ ስለሚጨመሩበት እያንዳንዱ ንጹሕ መሆን አለበት። ኢርፎኑ ጆሮ የሚዘጋ ዓይነት ይሁን፤ አለበለዚያ የክራሩ ድምፅ ከኢርፎኑ አምልጦ ወደ ማይኩ ይገባል። ሁለተኛው መንገድ መለየትን ጨርሶ መተው ነው። በገና ለዚህ ዋና ምሳሌዬ ነው። አሥሩ ጅማቶች የሚሰጡት ያ የሚንዘረዘር ድምፅና የደርዳሪው ዝቅ ያለ ዜማ አብረው የሚተነፍሱ ናቸው። ለየብቻ ይቀረጹ ካልን ደርዳሪው ዜማውን ሳያሰማ መደርደር፣ ሳይደረድር ደግሞ ማዜም ሊኖርበት ነው፤ ያ በገና አይሆንም። አንድ ጥሩ ማይክ ከፊቱ ግማሽ ሜትር ያህል ያስቀምጡ፤ ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ ቀረብ ራቅ እያሉ ድምፁና በገናው የሚመጣጠኑበትን ቦታ በጆሮዎ ያግኙ፤ በኤዲተር ይቅረጹት። ቅልቅሉ (ሚክሱ) የተሠራው ማይኩ በቆመበት ቦታ ነው። እኔ የሰማኋቸው በጣም ያረኩኝ የበገና የቤት ቀረጻዎች ሁሉ በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው።

ስለ ገንዘቡ በግልጽ እንነጋገር። ኦዳሲቲ ነፃ ነው። ማክ ወይም አይፎን ያለው ሰው ጋራዥባንድን ያለ ክፍያ ያገኛል፤ ለጀማሪ በጣም የሚመች ባለብዙ ትራክ ነው። ሪፐር ለ60 ቀን ሙሉ ለሙሉ ያለ ክፍያ ይሞከራል፤ ከዚያ ለግለሰብ 60 ዶላር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ በዶላር መክፈል ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ውጭ ያለ ወንድም ወይም እህት እንዲከፍልልን የምንጠይቀው ለዚህ ነው። ያልተከፈለበት ውድ ሶፍትዌር ክራክ ተደርጎ በፍላሽ ሲዞር ግን እባካችሁ እምቢ በሉ። ከሠሪው መብት ሌላ፣ ቫይረስ ይዞ መጥቶ የአንድ ዓመት ቀረጻ የወሰደበትን ሰው አውቃለሁ። ነፃ አማራጭ ባለበት ዘመን ይህን አደጋ መሸከም አያስፈልግም።

ኮምፒውተሩስ? ለኤዲተር ማንኛውም የሚሠራ ላፕቶፕ ይሆናል። ለባለብዙ ትራክ የዲስክ ቦታ ያስቡ፦ ሞኖ ትራክ በ24 ቢትና በ48,000 ናሙና ሲቀረጽ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ነው። የአምስት ደቂቃ ዘፈን በስምንት ትራክ ወደ 350 ሜጋባይት ይጠጋል፤ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ከደገሙት ከአንድ ጊጋባይት ያልፋል። ወጣቱን እየሰረዘ እንዲሄድ ያስገደደው ይኸው ነበር። ርካሽ የውጭ ዲስክ ከማይክ በፊት ይገዛ የምለው ለዚህ ነው። 24 ቢቱን አይዝለሉት፤ ድምፅን ዝቅ አድርጎ ቀርጾ በኋላ ከፍ ለማድረግ ቦታ ይሰጣል፤ ቀዩን መብራት እየተጋፉ መቅረጽ አያስፈልግም። ሲቀረጽ የተሰነጠቀ ድምፅ የትኛውም ሶፍትዌር ሙሉ በሙሉ አይጠግነውም።

የመብራት መጥፋትም አለ። ዴስክቶፕ ላይ የሚሠራ ሰው ገና ምንም ሳይቀርጽ ፕሮጀክቱን ስም ሰጥቶ ሴቭ ያድርገው። ሪፐር ድምፁን እየተቀረጸ ሳለ ወደ ዲስክ ስለሚጽፈው፣ መብራት ሲመጣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያለውን አብዛኛውን ጊዜ ያገኙታል። ኦዳሲቲም ያልተቀመጠ ሥራ ካለ ሲከፈት «ላውጣልህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «አይ» ብለው አይዝጉት።

ሁለቱን አብሮ መጠቀምም ልማድ ነው፤ እኔ የምሠራው እንዲሁ ነው። ዘፈኑ ሪፐር ውስጥ ይኖራል። አንዱ ትራክ ላይ የውሻ ጩኸት ገብቶ እንደሆነ የዚያን ትራክ ቅጂ በኦዳሲቲ ከፍቼ አጸዳውና መልሼ አስገባዋለሁ። ዋናው እንዳለ ይቀመጣል። ሚክሱ አልቆ አንድ ስቴሪዮ ፋይል ሲሆን፣ መጀመሪያና መጨረሻውን ለመከርከምና መጠኑን ለማስተካከል እንደገና ኤዲተሩን እከፍታለሁ። በስልክ ብቻ የሚሠራ ሰው ደግሞ ባንድላብን ይሞክር፤ ነፃ ነው፣ ትራኮቹን ለየብቻ ያስቀምጣል፤ ኢርፎኑ ግን ባለገመድ ይሁን፣ የብሉቱዝ መዘግየት መደረብን ያበላሻል።

ወጣቱ በመጨረሻ ስድስት ትራክ ቀረጸ። ክራሩን ሁለት ጊዜ፣ ከበሮውን አንድ ጊዜ፣ የራሱን ድምፅ ሁለት ጊዜ፣ የእህቱን አንድ ጊዜ። ቅዳሜ ከሰዓት እህቱን ይዞ መጣና ላፕቶፑን ከፈተ። ድምፁ አሁንም ከክራሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። ማንንም አልጠየቀም፤ የራሱን ትራክ 2 ዴሲቤል ከፍ አደረገው። ሰማን። እህቱ «አሁን በዛ፤ ክራሩ ጠፋብኝ» አለች። ግማሹን መልሶ አወረደውና እንደገና ከመጀመሪያው አጫወተው።